ቡና በፈንዲሻ ማሽን እንዴት እንደምቆላ

ቡና ወዳድ ሆኖ አፓርትመንት ውስጥ መኖር ከባድ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጥሬ ቡና ከሐበሻ ሱቆች አላጣም። ችግሩ መቁላቱ ላይ ነው። ምጣዱ ገና ጢስ ማለት ሲጀምር የጭስ አላርሙ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይረበሻል። በዚህ የተነሳ ብዙ ወዳጆቼ የተቆላና የተፈጨ ቡና መግዛት ለምደዋል። እኔ ግን ቤት ያልተቆላ ቡና አያረካኝም። ስለዚህ የፈንዲሻ ማሽን ይዤ በረንዳ ወጣሁ።

ቡና ለመቁላት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ሙቀትና መገላበጥ። ምጣድ ላይ የሚያገላብጠው እጃችን ነው። እዚህ ደግሞ ትኩስ አየር ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ማይክል ሲቬትዝ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚካል መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቡናን በትኩስ አየር እያንሳፈፈ የሚቆላ ትልቅ ማሽን ሠርቷል። የፈንዲሻ ማሽኑም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ሁሉም ማሽን ግን አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። አየሩ ከጎን፣ ግድግዳው ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቡናውን ያሽከረክረዋል። ከታች በወንፊት በኩል የሚመጣ ከሆነ ግን ተዉት። የቡናው ገለፈት እዚያ ተጠራቅሞ ከጋለው ሽቦ ጋር ከተገናኘ እሳት ሊነሳ ይችላል። አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ዌስት ቤንድ ፖፐሪ የሚል ካያችሁ አትለፉት። ቤታቸው የሚቆሉ ሰዎች 1500 ዋት የሆነውን የድሮውን ሞዴል እስከ ዛሬ ያፈላልጉታል። የኔው ተራ 1200 ዋት ነው፤ ይበቃኛል።

ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱ ያጣምመዋል። እሱን አንስቼ ታችና ላዩ የተቆረጠ ጣሳ እሰካበታለሁ። ጣሳው ፍሬው ተፈናጥሮ እንዳይወጣ ይይዛል፣ ገለፈቱን ደግሞ ወደ ላይ ያወጣል።

ለምጣድ ቡናውን አጥበን፣ አሽተን ነው የምንቆላው። ለማሽን ግን ደረቅ መሆን አለበት። ለቅሜ፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን አውጥቼ፣ 80 ግራም ገደማ እመዝናለሁ። ሚዛን ባይኖርም ይቻላል፤ ግን መጠኑ ብዙ ነገር ይወስናል። ቡና ሲበዛ የሚዘገይ ይመስላል አይደል? እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። ፍሬው አየሩን ያፍነውና ሙቀቱ ታምቆ ቶሎ ይጠቁራል። ላዩ በስሎ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፣ ሲጠጣም ሣር ሣር ይላል። ቶሎ ቶሎ የሚቆላባችሁ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ።

መጀመሪያ ላይ ፍሬው ከባድ ስለሆነ እሺ ብሎ አይዞርም። ማሽኑን ትንሽ ወደ ኋላ አጋድሜ በእንጨት ማንኪያ አማስለዋለሁ። እርጥበቱ ሲወጣለት ይቀልና ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚሸተው የደረቀ ሣር ነው። ቀጥሎ የዳቦ ሽታ ይመጣል። ቡናማ እየሆነ ሲሄድ ገለፈቱ ከጣሳው አፍ እየወጣ በረንዳው ላይ ይበናል። ከዚያ ጣ! ጣ! ማለት ይጀምራል። 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ሰንጥቆ ሲወጣ ነው የሚንጣጣው። ጋብ ይልና ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ቆይቶ 225 ዲግሪ አካባቢ ሁለተኛው መንጣጣት ይከተላል፤ ድምፁ ቀጠን፣ ፈጠን ያለ ነው። ማሽኑ ራሱ ስለሚጮህ ጆሮን ጠጋ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሰዓትም ከቀለምም ይበልጥ የማምነው ይህን ድምፅ ነው። በብርድ ቀን ሁሉም ነገር ይዘገያል። ረጅም ኤክስቴንሽን ስትጠቀሙም ኃይሉ ይደክማል። ደቂቃ ቆጥሮ መቁላት ስለዚህ አያስኬድም። እኔ የመጀመሪያው ድምፅ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ።

የት ላይ ማቆም እንዳለብን የሚወስነው ቡናው ነው። የታጠበ ይርጋጨፌ (ማለትም ገና ሲዘጋጅ ቅርፊቱ ተፈልፍሎ፣ በውሃ ታጥቦ የደረቀ) ከሆነ የመጀመሪያው መንጣጣት ሊያበቃ ሲል አወጣዋለሁ። የአበባና የሎሚ ጠረኑ የሚተርፈው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ማክሰል ኃጢአት ይመስለኛል። ለጀበና ግን ጠቆር ያለ ስለሚወደድ ሁለተኛው ድምፅ ሊጀምር ሲል አቆማለሁ። ሐረር በፀሐይ ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና ስለሆነ ገለፈቱ ብዙ ነው፣ ቀለሙም እኩል አይመጣም። ሁሉን ፍሬ አንድ ዓይነት ላድርግ ካላችሁ ግማሹ ያርርባችኋል። ዥንጉርጉር መሆኑ ጣዕሙን አይጎዳውም።

ከማሽኑ ከወጣ በኋላም ፍሬው በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። ከሚፈለገው ቀለም ትንሽ ቀደም ብዬ አጠፋና በሁለት የብረት ወንፊት እያገላበጥኩ በፍጥነት አበርደዋለሁ። በረድ ሲል ሰፌድ ላይ አንገዋልለዋለሁ። ቀጣዩን ከማስገባቴ በፊት ማሽኑንም አሳርፈዋለሁ። ሲግል በራሱ የሚጠፋ አለ፤ የማይጠፋው ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው። እየሠራ ጥላችሁት አትሂዱ።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኝ ነበር። ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት እናት ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ቡናውስ ጥሩ ነው። ጭሱን ግን ለማን ሰጠሽው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቡና ተቆልቶ ለእንግዳ ካልተዞረ ሥርዓቱ ጎደለ ማለት ነው። አሁን እንግዳ ሲኖር የመጀመሪያው መንጣጣት እንዳበቃ ከማሽኑ አወጣና በጋለ ምጣድ ላይ እገለብጠዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ እየነቀነቅኩ እቆላዋለሁ፣ ቀጭን ጭስ ሲያወጣ እንግዶቹ ፊት አዞረዋለሁ። ብዙው ጭስና ገለፈት በረንዳ ላይ ስለቀረ አላርሙ ዝም ይላል።

ለጀበና ወዲያው ተወቅጦ ይፈላል። በወረቀት ማጣሪያ ለሚወርድ ቡና ግን አንድ ቀን ባሳድረው እመርጣለሁ። ትኩስ የተቆላ ቡና ጋዝ ይተፋል፣ ውሃ ሲነካው በጣም ይኩረፈረፋል፣ ጣዕሙም አይረጋም። የመጀመሪያው ቀን ዕቃውን ግጥም አድርጋችሁ አትዝጉት።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ አንድ ማሽን ላኪልን ይሉኛል። የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። እዚያ 220 ላይ እንዲሁ ከተሰካ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በ220 የሚሠራ ፈልጉ፣ ቀዳዳዎቹም በጎን መሆናቸውን እዩ።