ድሬዳዋ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር የት ልትከል? እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነበር

ድሬ ላይ ቻርጀር ልተክል ነው ስል የሰማኝ ሁሉ የሚጠቁመኝ አንድ ቦታ ነበር፤ የሐረር መውጫን። "አቦ፣ ዳገቱ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚቆመው!" ነገሩ ልክ ይመስላል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ የደንገጎን ዳገት የወጣ ያውቀዋል።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን ሌላ ሆነ። 1.8 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ እንኳ ለከፍታው ብቻ የሚፈጀው 5 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። መንገዱ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉንም ደምረህ 15 በለው፤ ባትሪው 60 ለሆነ መኪና ሩቡ ነው። ሲመለስ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ ራሱ እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቤቱ ሰክቶ ያደረ ሰው ሐረር ደርሶ ይመለሳል፣ ይተርፈዋልም። እኔ ጋ ምን ሊሠራ ይቆማል?

ስለዚህ የሚያልፈውን መኪና መቁጠር ትቼ ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የማይችለውን ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ደንበኛ አይሆንም። የቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ማታ ባትሪው ተንጠፍጥፎ የሚገባው፣ ሌላው ቤት ተከራይቶ የሚኖርና ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ የሚሠራው የታክሲ ሹፌር።

ከአዲስ አበባ የመጣው መታጠብ፣ መብላትና መተኛት ነው የሚፈልገው። ለሱ 7 ኪሎዋት የሆነው ርካሹ ቻርጀር ይበቃዋል፤ ለ9 ሰዓት ገደማ ተሰክቶ ካደረ ጠዋት ሙሉ ነው። ታክሲው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ መሄድ አለበት። እሱ ደግሞ መቼ ነው የሚቆመው? የድሬ ሰው ይህን አይጠይቅም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ፀሐዩ ይከራል፣ በርጫው ይጀመራል፤ እስከ 9 እና 10 ሰዓት ከተማው ፀጥ ነው።

ሁለቱንም የሚይዝ ቦታ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አገኘሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ የኒም ዛፍ አለው፣ ማደሪያና ምግብ ቤትም አለው። ባለቤቱን ሐጂን ቋሚ ኪራይ ከምከፍል ከገቢው ድርሻ ልስጥዎት አልኳቸው። "ልጄ፣ ሰው ከመጣ አብረን እንበላለን፣ ካልመጣም አብረን እንጾማለን" ብለው ሳቁ። ለጀማሪ ይህን የመሰለ ውል የለም፤ ገበያ በሌለበት ወር ኪራይ አያስጨንቅህም።

ውል ሳልፈርም ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። 60 ኪሎዋት የሆነው ፈጣን ቻርጀር ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፣ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይም ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ከዚህ በፊት ዓይኔን የጣልኩበት፣ ለመንገድ የተሻለ አንድ ጥግ ነበር። እዚያ ግን ትራንስፎርመሩ ሩቅ ነው። አዲስ ትራንስፎርመር ከነኬብሉ ሲሰላ ቻርጀሩን ከመግዛት የማይተናነስ ወጪ ሆነና ተውኩት። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለውን ርካሽ ቦታ ደግሞ ለማየትም አልሄድኩ፤ የ1998ቱን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው እዚያ ኤሌክትሪክ አይቀብርም።

የሶኬቱ ነገር ቀላል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጣው በአብዛኛው ቻይና የተሠራ ነው፤ የጀርመኑ ፎልክስዋገን አይዲ 6 እንኳ የተሠራው ቻይና ነው። ስለዚህ ጂቢቲ የሚባለውን የቻይናውን ሶኬት ያዝኩ።

ሙቀቱ ነው የሚያስቸግረው። ፈጣኑ ቻርጀር ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ታክሲዎቹ ደግሞ የሚመጡት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ዛፉ ጥላ ይሆናል፤ ከጀርባው አየር እንዲያልፍ ከግድግዳው አራቅነው፣ የአቧራ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ እናጸዳለን።

ስለ ብሩ፣ ቁጥሩን ለምሳሌ ውሰደው። ፈጣኑ በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ 180 ኪሎዋት ሰዓት ይሸጣል። ከያንዳንዱ 5 ብር ቢተርፍ 900 ብር ነው፣ በወር 27,000። ከዚያ ላይ የዘበኛ ደሞዝና የሐጂ ድርሻ ይነሳል። 7 ኪሎዋት የሆኑት አራቱ ቀርፋፎች ግን ሌሊት ለ8 ሰዓት ቢሠሩ 224 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የተገዙበት ዋጋ ደግሞ ከፈጣኑ ጋር አይወዳደርም። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ፈጣኑን ነው፣ ቤቱን የያዙት ግን ቀርፋፎቹ ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባትሪ 80 በመቶ ካለፈ በኋላ በፈጣኑ ላይም ቀስ እያለ ነው የሚሞላው፣ ሌላው ሹፌር ደግሞ ወረፋ ይጠብቃል። ማን ከበርጫ ይነሳል ታዲያ? አሁን ሹፌሮቹ ቁልፋቸውን ለዘበኛው ሰጥተው ነው የሚገቡት። 80 ሲሞላ መኪናውን አውጥቶ ቀርፋፋው ላይ ይሰካዋል፣ ለዚህ የሚሰጡትን ጉርሻ ራሱ ይወስዳል።