ተመላሽ የተጻፈበት ስክሪን

የሂሳብ ክፍሉን ባለ ሆድ ሞኒተሮች በፍላት ስክሪን እንቀይር ሲባል፣ ሥራው ሰማያዊውን ገመድ ነቅሎ መሰካት ብቻ መስሎን ነበር። መጀመሪያ የተቀየረው የሂሳብ ሹሟ ኮምፒውተር ነው፤ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራበት፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌ ማሽን። እኔ ቅርንጫፍ ወጥቼ ስለነበር ንብረት ክፍሉና ግዢ ሠራተኛው ራሳቸው ገጠሙት።

ስመለስ ነገሩ የቴክኒክ መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆኖ ጠበቀኝ። ሂሳብ ሹሟ "ርካሽ ሲፈልጉ የተበላሸ ገዙ" ትላለች። ግዢ ሠራተኛው ስክሪኑን ተሸክሞ ሱቅ ድረስ ወስዶ በላፕቶፕ አስሞክሮታል፤ ቁልጭ ብሎ ሠራ። ሱቅ ሠርቶ ቢሮ ሲደርስ የሚሞት ዕቃ ግን ጥርጣሬውን አባሰው እንጂ አላበረደውም። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ደግሞ የተመላሽ ወረቀቱን ጽፈው ጨርሰዋል፤ ማስረጃም ይዘዋል። የገመዱን ጫፍ ወደ መስኮቱ አዙረው "እስቲ ቁጠር ልጄ፣ አንዷ ፒን የለችም። የተሰበረ ነው የሸጡልን" አሉኝ።

ቆጠርኩ፤ 14። የዚህ ሰማያዊ ገመድ ጫፍ፣ ማለትም የቪጂኤ ማገናኛ፣ 15 ቦታ አለው። ከመሐለኛው ረድፍ አራተኛዋ፣ ማለትም 9ኛዋ ፒን ግን በብዙ ገመዶች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣም የለችም። ከመሳቢያዬ የሚሠራ ሌላ ገመድ አውጥቼ አጠገቡ ያዝኩላቸው፤ እሱም 14 ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "እንግዲያው ያንንም ሰብረውታል" አሉ።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። የፋብሪካው አርማ ወጣ፣ ቀጥሎ የዊንዶውስ አርማ፣ ከሥሩ የምትሮጠዋ መስመር። ከዚያ ድርግም።

"አየህ!" አለች ሂሳብ ሹሟ።

አርማው ከታየማ ገመዱም፣ ስክሪኑም፣ ሲፒዩው ጀርባ ያለው ሶኬትም ደህና ናቸው ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ዊንዶውስ ከተረከበ በኋላ ነው። ስክሪኑም ቢሆን ዝም አላለም፤ ጥቁሩ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን እየተንሳፈፈች "አውት ኦፍ ሬንጅ" (ከአቅሜ በላይ ነው) ትላለች፣ ከሥሯም 68.7 ኪሎኸርዝ፣ 85 ኸርዝ። ያቺን ቁጥር ልብ ያለ ሰው የለም። ሁሉም "ኤረር ይላል" ብሎ ነው ያለፋት።

ባለ ሆዱ (ሲአርቲ) ሞኒተር በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ ሲስል ይርገበገባል፣ ዓይን ያደክማል። ሂሳብ ሹሟን ከዓመታት በፊት ራስ ምታት ሲያስቸግራት አንድ ባለሙያ 85 ላይ አድርጎላት ተገላግላለች። ሞኒተሩ ቢነሳም ዊንዶውስ ያንን 85 እንደያዘ ነው፤ አዲሱ ስክሪን ግን የሚቀበለው እስከ 75 ነው። የመነሻዎቹ አርማዎች የሚታዩት ከዚያ ባነሰ ቁጥር ስለሆነ ያለ ችግር አለፉ። የሱቁ ላፕቶፕም የሚልከው 60 ነው።

ቀላሉ መንገድ አሮጌውን ሞኒተር መልሶ ሰክቶ ቁጥሩን 60 ማድረግ ነበር። ነገር ግን ሞኒተሩ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ስቶር ገብቷል፤ ለጥቂት ደቂቃ ላውጣህ ቢሉት ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ይጠይቃል፣ ሞዴል 22 ደግሞ የኃላፊ ፊርማ። ተውኩት። ማሽኑን እንደገና አስነስቼ ኤፍ 8ን እየደጋገምኩ ተጫንኩና ከዝርዝሩ "ኢነብል ቪጂኤ ሞድ" የሚለውን መረጥኩ። ዊንዶውስ በ640 በ480 ነጥብ ተነሳ፤ ስክሪኑን የሞሉ ግዙፍ አይከኖች። ዲስፕሌይ ፕሮፐርቲስ፣ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ሞኒተር ገብቼ 60 አደረግኩት።

"60 ካደረግከው መልሶ ራሴን ሊያመኝ ነው" አለች። ፍላት ስክሪን ቀጣዩ ምስል እስኪመጣ የያዘውን ስለማይለቅ በ60ም አይርገበገብም አልኳት። ያመነችኝ እስከ ማታ ስትሠራበት ከዋለች በኋላ ነው።

ወዲያው ግን ሌላ ክስ ተከፈተ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው የልጇ የምረቃ ፎቶ ነው። "ልጄን ምን አደረጋችኋት?" ልጅቷ ወደ ጎን ተለጥጣ ጋዋኗ ድንኳን አክሏል። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ልኩ 1440 በ900፤ የማሽኑ አሮጌ ድራይቨር (የምስሉን ክፍል የሚያዘው ፕሮግራም) ግን የሚያውቀው 1024 በ768ንና መሰሎቹን ነው። አዲሱን ድራይቨር በፍላሽ አምጥቼ ስጭን ልኩ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፣ ልጅቷም ቀጠነች። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ሥር ያለችውን "አውቶ" ቁልፍ ስጫን የፒችትሪ ፊደሎች ጠሩ።

የቀሩትን ማሽኖች አሮጌው ሞኒተር ሳይነቀል 60 እያደረግን ስለቀየርናቸው ኮሽ ያለ ነገር የለም። ግዢ ሠራተኛው ግን ስሙ የተነሳበት የተመላሽ ወረቀት ከፋይሉ እንዲወጣለት አሁንም ይለምናል። ጋሼ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር ያለው ወረቀት አይቀደድም ባይ ናቸው።