ሰሃን ሳጥብ ሰሃን ማጠብ

ከተሰደድኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ማጠብ ነው። ማታ ገብቼ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እወጣለሁ። እጄ ውሃ ውስጥ ነው፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም። በሐሳቤ ከአለቃዬ ጋር እጣላለሁ። በቋንቋው መመለስ አቅቶኝ የዋጥኩትን ሁሉ በአማርኛ አወርድበታለሁ። አቤት ስናገር! ቤት ስገባም ጠቡ አያልቅም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት ማክሰኞ ማክሰኞ ወደሚሰጥ የሜዲቴሽን ትምህርት የወሰደችኝ። የሄድኩት በነጻ ስለሆነ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። የምታስተምረን ፀጉሯን የተላጨች፣ ከቃሏ ሳቋ የሚቀድም የቡድሂስት መነኩሲት ናት። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ «አንቺ ልጅ፣ ሃይማኖት ልትቀይሪ ነው?» አለችኝ። መነኩሲቷ ግን እንድቀይር አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

መጀመሪያ ያስተማረችን ትንፋሽን ነው። «አትቆጣጠሩት፣ ሲገባ ሲወጣ ልብ በሉት። ሐሳባችሁ ሲሄድ መልሱት። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ መልሱት።» ይህን ልብ ማለት በጥንቱ የቡድሂስት መጻሕፍት ቋንቋ በፓሊ «ሳቲ» ይሉታል። ቃሉ ከማስታወስ ጋር ዝምድና አለው አለችን። ይሄ ገባኝ። እኔም ሌሊቱን ሙሉ የት እንዳለሁ ረስቼ ነው የማድረው።

አንድ ቀን ስለ ቲክ ናት ሃን ነገረችን። ቬትናማዊ የቡድሂስት መነኩሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ሰላም ሊናገር ከአገሩ ወጣ፣ በዚያው በሩ ተዘጋበት። የአገሩን አፈር መልሶ የረገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። 39 ዓመት! ጆሮዬ ቆመ። ይህ ሰው ነው «ሰሃን ስታጥቡ ሰሃን ለማጠብ እጠቡ» እያለ ያስተማረው። ስልክ ሲጮህም ወዲያው አታንሱ፣ ቆም ብላችሁ ተንፍሱ ይል ነበር። እኛ ስደተኞች ሌሊት ስልክ ሲጮህ ልባችን ምን እንደሚሆን እሱም ሳያውቀው አይቀርም።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሞከርኩት። የውሃው ሙቀት በጓንቱ አልፎ ይሰማኛል። እንፋሎቱ ቅንድቤ ላይ ያርፋል። የብርጭቆው ድምፅ ከሰሃኑ ይለያል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። ምናልባት አራት ሰሃን ያህል እንደዚህ አጠብኩ። በአምስተኛው አለቃዬ ተመልሶ መጣ።

ቀጥሎ «ሜታ» የሚሉት መጣ፣ ለሰው ከልብ በጎ መመኘት። ቃሉ የተገኘው ወዳጅ ከሚለው ነው። መጀመሪያ ለራስ፣ ከዚያ ለሚወዱት ሰው፣ ከዚያ ለማያውቁት፣ ከዚያ ለሚያስቸግር ሰው፣ በመጨረሻ ሕይወት ላለው ሁሉ ይመኛሉ። በሰው ቋንቋ ስለው ከከንፈሬ አያልፍም። በአማርኛ ልሞክር ብዬ «ሰላም ልሁን» አልኩ፣ እሱም ጎረበጠኝ። አፋችን ሌላውን መመረቅ ነው የለመደው። ስለዚህ ሰው እንደሚመርቀኝ አድርጌ «ሰላም ሁኚ፣ ደህና ሁኚ፣ ቀለል ይበልሽ» አልኩት። «ቀለል ይበልሽ» ላይ እንባዬ መጣ። እስከ ትምህርቱ ማብቂያ ቀና አላልኩም።

ለማላውቀው ሰው የሌሊት አውቶቡሳችንን ሾፌር መረጥኩ። ቀላል ነበር። ወደ አለቃዬ ስመጣ ግን አማርኛዬ ራሱ አስቸገረኝ። «ሰላም ይሁኑ» ልበል ወይስ «ሰላም ይሁን»? አንቱታው አልወጣ አለኝ። «ይሁን» ይበቃዋል ብዬ ጀመርኩ፣ በሁለት ደቂቃ አንጀቴ አረረ።

ለመነኩሲቷ ስነግራት ሳቀች። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቡድሃጎሳ የተባለው ሊቅም በጠላት አትጀምሩ ብሏል አለችኝ። «ለአለቃሽ ሰላም መመኘት ጥፋቱን ማጽደቅ አይደለም። የሠራሽበትን ገንዘብ መጠየቅ ካለብሽ ጠይቂ።» እኔ ደግሞ ሜዲቴሽን ማለት ዝም ብሎ መቻል መስሎኝ ነበር። ያልተከፈለኝን ትርፍ ሰዓት ጽፌ፣ ፊርማዬን አኑሬ ሰጠሁት። ወረቀቱን ስሰጠው እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁ። እሱም አንድ ጊዜ ሰሃን አጣቢ ነበር መሰለኝ። ከፊሉን ከፈለኝ። ለቀሪው እየተጨቃጨቅን ነው። «ሰላም ይሁን»ም አላቋረጥኩም፣ አንዳንድ ቀን እሳሳታለሁና «ይሁኑ» ይወጣኛል።

ትናንት ሌሊት ዕረፍት ነበረኝ። እቤት ዕቃ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። ከአገር ቤት ነው። ልቤ ዘለለ። እጄን ሳላነሳ አንዴ ተነፈስኩ። ሁለቴ። በሦስተኛው ላይ ጥሪው ተቋረጠ። እጄን አድርቄ መልሼ ደወልኩ። እህቴ ናት፣ የሰዓቱን ልዩነት ረስታው።

«ውይ፣ ተኝተሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ሰሃን እያጠብኩ ነበር።»