በባሕሩ ሰዓት፦ የፔምብሩክሺር የድንኳን ዕረፍት

እኛ አገር ድንኳን ከተተከለ ወይ ሰርግ አለ ወይ ለቅሶ። ለዕረፍት ድንኳን ተከራይተናል ስላት እናቴ በስልክ፣ "ምነው፣ ሆቴሉ ሁሉ ሞላ እንዴ?" አለችኝ። ግላምፒንግ ይባላል፤ አልጋ ያለው፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ የእንጨት ምድጃ የገባለት ድንኳን ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። "ታዲያ ቤት ነዋ!" ብላ ወሬውን ዘጋችው።

የሄድነው ፔምብሩክሺር ነው። የዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ያለ የገበሬ አገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየርላንድ እስኪመጣ ውሃ ብቻ ነው። ዳርቻው እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ገደል ገደሉን ይዞ የሚሄደው የእግር መንገድ ብቻ 299 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ለንደን ላለ ሰው በመኪና ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኤም 4 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ መንዳት ነው፤ ወደ ዌልስ የሚያስገባው የሰቨርን ድልድይ ክፍያም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቀርቷል። በባቡር የሚመጣ ሃቨርፎርድዌስት ወርዶ አውቶቡስ ይይዛል።

ብዙ ሰው ዕቅድ የሚጀምረው ከድንኳኑ ፎቶ ነው። አምፖሉ የተንጠለጠለበት፣ ትራሱ የተደረደረበት ፎቶ። እኔ ግን አልጋውን መጨረሻ ላይ ብታስቡት እላለሁ። መጀመሪያ ወሩ፣ ቀጥሎ የባሕሩ ሰዓት፣ ከዚያ ንፋሱ። አልጋው የትም አይሄድም።

ወሩን ለእኛ የወሰነልን ወፍ ነው። ከዳርቻው ትንሽ ገባ ብላ ስኮመር የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ፓፊን የሚባሉት ባለ ቀለም ምንቃር ወፎች ከ40 ሺህ በላይ ሆነው ይሰፍራሉ። የሚመጡት በኤፕሪል አካባቢ ነው። ጁላይ ሲያልቅ ግን ተጠራርገው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ለበጋው ረጅም ዕረፍት የሚዘጋው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ስለዚህ የኦገስቱን ሙቀት ትተን በሜይ መጨረሻ ያለውን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ያዝን። ዋጋውም ከኦገስቱ ይሻላል። በእርግጥ የባሕሩ ውሃ ያኔ ከ12 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ዌትሱት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ያልለበሰ ሰው ጮሆ ይወጣል።

ቀጥሎ የባሕሩ ሰዓት። ይሄን ከተማ ያደገ ሰው አይገምተውም። እዚህ አካባቢ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ6 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሁለት ፎቅ ቤት በሉት። ጠዋት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ከሰዓት ጀልባ ይሄድበታል። በየቀኑ ደግሞ ሰዓቱ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ "በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ባሕር ዳር እንወርዳለን" የሚባል ዕቅድ አይሠራም። እኛ የጎደለበትን ሰዓት ለባሕር ዳር፣ የሞላበትን ለእግር ጉዞና ለከተማ መደብን።

የሙላቱን ሰዓት የያዘች ትንሽ መጽሐፍ እዚያው ባሉ ሱቆች ትሸጣለች። ግዟት፤ ስልክ በየሸለቆው ኔትወርክ ያጣል። አንድ ነገር ግን አጣሩ። አንዳንዱ ሰንጠረዥ የሚታተመው በግሪንዊች ሰዓት ነው። በእነሱ በጋ አንድ ሰዓት መደመር አለበት። ባለቤቴ ደግሞ ሁሉን ነገር በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ካልሰማች አትረጋጋም። አንድ ሰዓት ደምሬ ስድስት ስቀንስላት የነበረውን አትጠይቁኝ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን ቢባል፣ ብዙዎቹ ትናንሽ የባሕር ዳሮች በገደል የታጠሩ ናቸው። ባሕሩ ሲጎድል በአለቱ ጥግ ዞሮ ወደ ጎረቤቱ አሸዋ መሻገር ይቻላል። ሲሞላ መመለሻው ይዘጋል። ስለዚህ መውጫችሁን ሳታዩ ጥግ አትዙሩ። ለመዋኘት ደግሞ ነፍስ አድን ሠራተኞች ባሉበት፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መሃል ነው።

ንፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ ይመጣል። ቦታ ስንመርጥ ለየባለቤቱ የጻፍነው ጥያቄ ስለ አልጋ አልነበረም። የድንኳኑ በር ወዴት ይዞራል? ከንፋሱ የሚከልል አጥር ወይም ዛፍ አለ? መጸዳጃውና ሻወሩ በሌሊት ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? መኪና እስከ ድንኳኑ ይገባል ወይስ ዕቃው በጋሪ ነው? አንዱ "ዕይታው እጅግ ያምራል" ብሎ መለሰልኝ። ስለ ንፋሱ ምንም የለም። ተውነው። የባሕር ዕይታ ያለው ድንኳን የባሕሩ ንፋስም አለው። እኛ የያዝነው ከአንድ የበግ እርሻ ጥግ፣ ከረጅም የቁጥቋጦ አጥር ጀርባ ያለውን ነው። ባሕሩ አይታይም። ይሰማል ግን።

ድንኳኑ የደወል ቅርጽ ያለው፣ መሃሉን አንድ ምሰሶ የያዘው የጥጥ ሸራ ነበር። የእርሻው ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ገና ሻንጣ ሳናወርድ ካስማዎቹን እየዞሩ አሳዩን። ሁሉም ወደ ውጭ ጋደል ብለው ነው የተመቱት፤ ገመዱ በጎተታቸው ቁጥር አፈሩን ይበልጥ ይነክሳሉ። "ዝናብ ከጣለ ገመዱን ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ሸራው ሲርስ ይሸበሸባል፣ ይወጠራል" አሉን። በሁለተኛው ሌሊት እውነትም ጣለ። በፋኖስ ወጥቼ ገመዱን በጣቴ ስነካው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። መያዣውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ውስጡ ጠብታ አልገባም። የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል።

ሸራ ግን ብርሃን አይከለክልም። በሜይ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው፣ የምትወጣው ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ። ልጆች ካሏችሁ የዓይን መሸፈኛ ያዙ። ለእናንተም ጭምር።

አሁን ወደ ቡናው። ጀበና ሳይዝ የሚጓዝ ሐበሻ ጥቂት ነው፣ እኛም ይዘናል። ከሰል ግን ድንኳን ውስጥ በፍጹም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። የጠፋ የሚመስል ከሰልም ለሰዓታት ይለቀዋል። በየዓመቱ "ብርድ ነው" ብለው የባርቤኪው ፍም ወደ ድንኳን የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ የማይነቁም አሉ። የድንኳኑ የእንጨት ምድጃ ጭሱን በቱቦ ያወጣል፤ እሱም ቢሆን አጠገቡ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖሩን አይተን ነው የለኮስነው። ቡናው ደጅ፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ተፈላ። ጭሱ ወደ አጥሩ ሲሄድ በጎቹ ቀና ብለው አዩን።

ስኮመርን በቆይታችን መጀመሪያ ላይ ነው የያዝነው። ጀልባው የሚነሳው ማርቲንስ ሄቨን ከምትባል ትንሽ ወሽመጥ ነው። በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከሰሜን ከነፈሰ ደግሞ ጉዞው ይሰረዛል። ለመጨረሻው ቀን ያስቀመጠ ሰው ሌላ ዕድል የለውም። ደሴቲቱ ላይ ከመንገዱ መውጣት ክልክል ነው፤ መሬቱ በወፎቹ ጉድጓድ የተቦረቦረ ስለሆነ ከረገጣችሁት ይደረመሳል። አንዱ ፓፊን ምንቃሩ ላይ ቀጫጭን ዓሦች በጎንና በጎን ደርድሮ ከባሕር መጣ፣ አረፈ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ከዚያ በልጄ ጫማ ፊት ሮጦ ጉድጓዱ ገባ። ልጁ እስትንፋሱን ያዘ። እኔ ካሜራውን ገና ከቦርሳ እያወጣሁ ነበር። ማንክስ ሺርዋተር የሚባለው ወፍ እዚያ ከ300 ሺህ ጥንድ በላይ አለ፤ በዓለም ትልቁ ሰፈሩ ነው። ግን ቀን ባሕር ላይ ውሎ በጨለማ ነው የሚመለሰው። የቀን ጎብኚ በአብዛኛው አያየውም።

ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ሴንት ዴቪድስ ገባን። "ሲቲ" የሚል የከተማ ማዕረግ ካላቸው የብሪታንያ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ትንሿ ናት፤ ማዕረጉን ያሰጣት ካቴድራሉ ነው። የአሁኑ ሕንጻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1181 ነው። ብዙ መጻሕፍት የቅዱስ ላሊበላን ንግሥና የሚጀምሩትም በዚሁ ዓመት ነው። ካቴድራሉ ረባዳ ቦታ ላይ ስለተሠራ ማማው ብቅ የሚለው ደጁ ስትደርሱ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሮሙ ጳጳስ ካሊክስተስ ዳግማዊ፣ ወደዚህ ሁለቴ የተሳለመ ሮም አንዴ እንደሄደ ይቆጠርለታል ብለው ነበር ይባላል። ኢየሩሳሌም መሄድ ላልቻለ ላሊበላ እንደሚባለው ማለት ነው። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ድንኳኑን ረስታ ስለ ደብሩ መጠየቅ ጀመረች።

ቀጣዩን ለሴፕቴምበር እያሰብነው ነው። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ቆይቶ ያኔ ይሻላል፤ "ሲል" የሚባሉት ግራጫ የባሕር እንስሳትም በየዋሻው ሥር ይወልዳሉ፣ ከገደሉ አናት ላይ ሆኖ ግልገሎቹን ማየት ይቻላል። ፓፊን የለም። ትምህርትም ስለተከፈተ ያለን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የጨረቃዋን ቀን አይቼ፣ ባሕሩ እኩለ ቀን ላይ የሚጎድልበትን ቅዳሜና እሁድ መርጬ፣ ለእርሻው ባለቤት ጽፌላቸዋለሁ።