አንድ ከረጢት ዩሪያ ስንት መብራት ይበላል?

ባለፈው ክረምት አባቴ ከቡሬ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ «ነጩ ማዳበሪያ፣ ዩሪያው፣ ዘገየ፤ በቆሎው ጉልበት አለፈ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «አንተ ኬሚስትሪ ታስተምር የለም? ይሄን ነገር እዚሁ መሥራት አይቻልም?»

ሳቅኩ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም።

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማሳየው ሙከራ አለ። ብርጭቆ ውሃ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች። በአንዱ እርሳስ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን አረፋ እየሆነ ይወጣል። (በጀማሪነቴ ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ብዬ የወጥ ጨው ጨመርኩበት። ክፍሉ በረኪና በረኪና ሸተተ፤ ለካ ክሎሪን ነው! አሁን ቤኪንግ ሶዳ ነው የምጨምረው።) በባትሪው ፈንታ የግድብ፣ የነፋስ ወይም የፀሐይ ኃይል ሲገባ፣ አረንጓዴ ሃይድሮጅን የሚሉት እሱ ነው።

ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ሃይድሮጅን ከሞላ ጎደል ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው። ከጋዝ ሲሠራ ለአንዱ ኪሎ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ሰው ሃይድሮጅን ሲባል መኪና ነው የሚታየው። እኔን ብትጠይቁኝ መኪናውን እርሱት፤ የእኛ ጉዳይ ከረጢቱ ውስጥ ነው።

እስክሪብቶ አነሳሁ። 50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ያን ናይትሮጅን አሞኒያ፣ ማለትም ዩሪያ የሚሠራበትን ጋዝ፣ ለማድረግ 5 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። አንዱን ኪሎ ከውሃ ለማውጣት ደግሞ ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከረጢቱ ከ250 በላይ ይበላል፤ ምጣዱን ጨምሮ የእኔ ቤት የሁለት ወር ፍጆታ መሆኑ ነው።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አስዋን ላይ ኪማ የሚባለው ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግድቡ ኃይል ውሃ እየሰነጠቀ ማዳበሪያ ይሠራ ነበር። በዚሁ በእኛው ዓባይ! በኋላ ግን ኤሌክትሪኩን ትቶ ወደ ጋዝ ዞረ። ጎዴ ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. ስምምነት የተፈረመበት የዳንጎቴ ፋብሪካም ጥሬ ዕቃው የኦጋዴን ጋዝ ነው። አልፈርድም፤ ማዳበሪያ ሲጠፋ ቀለሙን የሚጠይቅ ገበሬ የለም። ግን 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ ያለው አገር ቢያንስ በትንሹ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

አንድ ጣጣ አለው። ዩሪያ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ጋዝ ከሌለ እሱን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ መያዝ ያስፈልጋል። አለበለዚያ አሞኒየም ናይትሬት የሚባለው ሌላ ማዳበሪያ ነው የሚሠራው፤ እሱ ደግሞ ለፈንጂም ስለሚሆን ጥበቃ ይፈልጋል።

ለአባቴ መልሼ ደወልኩ። «አባ፣ ይቻላል። ከውሃና ከአየር ነው የሚሠራው።»

«ውሃውም አየሩም ሞልቶ! ታዲያ ምን ጎደለ?»

«መብራት። ብዙ መብራት ይፈልጋል።»

«እሱማ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም» አለኝ።