ለየቀን መመላለሻ የሚሆን፣ ሲነዱትም ደስ የሚል ያገለገለ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው መኪናው እንዴት እንደሚነዳ ሳይሆን ነገ ሲሸጠው ስንት እንደሚያወጣለት ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ገበያው የሚሽከረከረው ቀድመው በገቡት መኪኖች ላይ ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ቶዮታ ቪትዝ እንኳ እንደ ቁጠባ ይታያል።

እኔ ግን መኪና የሚመረጠው በየቀኑ ለሚቀመጥበት ሰው ነው ባይ ነኝ። ብዙ ሰው «የሚያስደስት መኪና» ሲባል ፈጣኑ፣ «የማያስቸግር» ሲባል ደግሞ አሰልቺው ይታየዋል። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነት የሚፈተንበት ቦታ የለም። ደስታው ያለው መሪው የታዘዘውን ወዲያው ሲፈጽም፣ ማርሹ ሳያንገራግር ሲገባ፣ መኪናው ከቆመበት ቀለል ብሎ ሲነሳ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ያልተወሳሰበና በደንብ የተያዘ ትንሽ መኪና ጠባዮች ስለሆኑ፣ የማያስቸግረውን በጥንቃቄ የፈለገ ሰው የሚያስደስተውንም አብሮ ያገኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑም ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር እዚህ ሲሠራ ወደ ሃምሳዎቹ ይወርዳል፤ 88 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.3 ሊትሩ እኛ ዘንድ የሚሰጠው ጉልበት ደግሞ ባለ 1.0ው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። አራት ሰው ጭኖ የሽሮ ሜዳን ዳገት የወጣ ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል። ትንሹ ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል የሚባለውም ሜዳ ላይ እውነት ነው፤ ዳገት ላይ ግን ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው እየረገጠ በሁለተኛ ማርሽ ስለሚጓዝ ቁጠባው ይሳሳል። አቅም ከፈቀደ 1.3 ወይም 1.5 እመርጣለሁ።

ሻጭ ወይም ደላላ «1.3 ነው» ሲል ቃሉን ብቻ ማመን አያስፈልግም። ከጃፓን በመጣ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምረው ባለ 1.0 ሊትር፣ ኤንሲፒ10 የሚለው ባለ 1.3፣ ኤንሲፒ13 የሚለው ደግሞ ባለ 1.5 ሊትሩ አርኤስ ነው። አርኤሱን ከማንዋል ካምቢዮ ጋር፣ ሳይጋጭና ሳይነካካ ያገኘ ሰው ሌላ መኪና መፈለግ የለበትም። ሦስቱም ሞተሮች በታይሚንግ ቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ስላላቸው በየጊዜው ቺንጋ የመቀየር ሥጋት የለባቸውም፤ ዘይታቸው በወቅቱ ካልተቀየረ ግን ሰንሰለቱ እየላላ ይሄድና ጠዋት ሲነሡ ይንኳኳሉ።

እኔ የምነዳው ከአውሮፓ የመጣ ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ያሪስ ነው፤ ያሪስ ቪትዝ በአውሮፓ የተሸጠበት ስም ነው። ማንዋል የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ጉልበቱ ከፍታው የቀነሰበትን ሞተር ምን ጊዜ ማስጮህ፣ ምን ጊዜ ማሳረፍ እንዳለብኝ የምወስነው እኔ ራሴ ስሆን ነው መንዳት የሚጥመኝ። በመጨናነቅ ሰዓት የግራ እግር ይደክማል፣ ፍሪሲዮንም ያልቃል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ፍሪሲዮን ማንኛውም ደህና ጋራዥ የሚቀይረው ነገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ በመጡት ቪትዞች ላይ የተለመደው ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የራሱን ልዩ ዘይት ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ተራ የካምቢዮ ዘይት የተጨመረበት ሲቪቲ ለሚገዛው ሰው ትልቅ ዕዳ ነው። አውቶማቲክ የሚፈልግ ሰው የቀድሞውን ባለ አራት ማርሽ ቢወስድ ይሻለዋል።

ከአውሮፓ የመጣውን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከጃፓን የሚመጡት መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ብዙ ናቸው። በመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ላይ የፍጥነት መለኪያው በዳሽቦርዱ መሐል ስለተቀመጠ መሪው መዛወሩ በአንድ እይታ አይለይም፤ የዝናብ መጥረጊያው ግን ያጋልጣል። መስታወቱን ውኃ ረጭቶ መጥረጊያውን ማስነሣት ነው። ሥራው በጥድፊያ በተሠራ መኪና ላይ መጥረጊያው ለቀኙ ነጂ እንደተሠራ ስለሚቀር፣ ከነጂው ፊት በግራ በኩል፣ የላይኛው ጥግ ላይ ሳይጠረግ የሚቀር ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ በሐምሌ ዝናብ እግረኛ የሚሰወረው እዚያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ከዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብሎ የመሪውን ዘንግ በባትሪ ማየት ያስፈልጋል። ዘንጉ ላይ የብየዳ ምልክት ያለበትን መኪና ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አልገዛም፤ ለሚቀርበኝ ሰውም እንዲገዛ አልመክርም።

መኪናን ማየት የሚገባው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ጠዋት እንደምመጣና መኪናው እንዳይነሣ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ስደርስም መጀመሪያ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ። ለብ ካለ ሻጩ ሊደብቀው የፈለገ የጠዋት ድምፅ ወይም ጭስ ሊኖር ይችላል። የዘይት መክደኛው ከውስጥ ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር ከያዘ ውኃና ዘይት የመቀላቀላቸው፣ ማለትም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) የመበላቱ ጥርጣሬ ስላለ ሳይጣራ አይገዛም። የበሩን ላስቲክ ሳብ አድርጎ ከሥሩ ያለውን የፋብሪካ ብየዳ ማየት፣ የኮፈኑ ብሎኖች ቀለማቸው በመፍቻ መላጡን ማጣራት የግጭት ታሪክን ከሻጩ አንደበት ይልቅ በታማኝነት ይናገራል። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል፤ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀና የነጂው ወንበር ጠርዝ ከተበላ ግን 60,000 የሚለውን ቁጥር አላምንም።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ወደ እንጦጦ ዳገት ይዞ መውጣት ነው። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲመለሱ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ለጥቂት ጊዜ ወርዶ ድንገት መርገጥና በስፖኪዮው ወደ ኋላ መመልከት ይገባል፤ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ኮረኮንች ላይ መስኮት ዘግቶ የሞላውንና የኩሽኔታውን ድምፅ መስማት፣ ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ጥጉ አዙሮ በዝግታ መዞርም አይዘለልም። በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ሌላ ነገር እንዲታይ እፈልጋለሁ፤ ነጂው ከመኪናው ጋር ተግባብቷል ወይ? ወንበሩ ለወገቡ፣ መሪው ለእጁ ካልተስማማው ሞተሩ ጤነኛ ስለሆነ ብቻ አይግዛው።

በወረቀት በኩል የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በገዛ ዓይን ማመሳከር፣ ዕዳም እገዳም እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን መጠየቅና ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ መፈራረም ያስፈልጋል። ይህ ሳያልቅ ሙሉ ክፍያ አይሰጥም።

ቤተሰብ ያለው ሰው ኮሮላ ቢመርጥ፣ አዲስ ሞዴል የፈለገ ሱዙኪ ዲዛየር ቢያይ አልቃወምም፤ ሁለቱም መለዋወጫቸው በቀላሉ ይገኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከፍታው ጉልበቱን ስለማይቀንስበት እንጦጦን ሲወጣ የቤንዚኑን ትንሽ መኪና ያስንቃል፤ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ ላለው ሰው እውነተኛ አማራጭ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ግን ገና ያስቸግራል።

ከመግዣው ገንዘብ ላይ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን እንዲተርፍ አድርጎ መደራደር ይገባል። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ክዳን ይቀየራሉ። ክዳኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚይዘው የዚህ ክዳን ግፊት ነው። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወጥቶ ተጥሎ ከሆነም ይመለስ፤ ያለ እሱ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚሠራ ቤንዚን ያባክናል። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2312 የሚል ጎማ በ2012 እ.ኤ.አ. በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ስለሆነ፣ ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደርቋልና ከክረምቱ በፊት መቀየር አለበት።