በጥር የተገዛ ጤፍ በሐምሌ ደመወዝ ያተርፋል

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ሁሉ የወር ወጪውን ደጋግሞ ማስላት የዘወትር ሥራው ሆኗል። የዘይቱ፣ የሳሙናው፣ የመድኃኒቱና የታክሲው ዋጋ ምን ያህል እንደ ተለዋወጠ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ግን «ውጭ አትብሉ፣ የማያስፈልጋችሁን አትግዙ» ከማለት ስለማያልፍ፣ የማያስፈልገውን መግዛት ካቆመ የቆየውን ቤተሰብ ብዙም አይረዳም። እኔ ከቤቴ ሒሳብ የተረዳሁት፣ ገንዘባችን በብዛት የሚያልቀው በምንገዛው ነገር ዓይነት ሳይሆን በምንገዛበት ወቅትና መጠን መሆኑን ነው። እህልን በክረምት፣ በርበሬን በፋሲካ ዋዜማ፣ ዘይትን በግማሽ ሊትር የሚገዛ ሰው ያንኑ ምግብ እየበላ ከጎረቤቱ የበለጠ ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜም እንዲህ የሚከፍለው ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ሰው መሆኑ እጅግ ያሳስበኛል።

ከሁሉ በፊት ጤፍን ላንሣ። የጤፍ አዝመራ በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል፤ በብዛት ወደ ከተማ የሚገባውም ከዚያ በኋላ ነው። በጥርና በየካቲት ገበሬው ዕዳውንና ልዩ ልዩ ክፍያውን ለመሸፈን ስለሚሸጥ ገበያው ላይ እህል ይበዛል፣ ዋጋውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረገብ ይላል። ክረምቱ ሲገባ ግን የገበሬው ጎተራ እየጎደለ፣ የገጠሩ መንገድም በጭቃ እየከበደ ስለሚሄድ፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ዋጋው እየጨመረ ይቆያል። ይህን ዑደት የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ገናና ጥምቀት የቤቱን ገንዘብ ጠርገው በሚያልፉበት በዚያው ሰሞን፣ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚገዛ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚገኝ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ችግሩ የዕውቀት ሳይሆን የገንዘቡ መድረሻ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ደግሞ ዕቁብን የመሰለ መፍትሔ አላየሁም። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሠፈር የሚጣል ወርኃዊ ዕቁብ ሲጀመር፣ ዕጣው በማንኛውም ወር ይውጣ ከማለት ይልቅ፣ እህል መግዛት የሚፈልጉ አባላት የጥርንና የየካቲትን ተራ፣ ልጆች የሚያስተምሩት ደግሞ የነሐሴንና የመስከረምን ተራ እንዲወስዱ ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ዕጣው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የወጣለት ሰውም ተራውን ከሌላ አባል ጋር መለዋወጥ በአብዛኛው ዕቁብ የተለመደ ነው። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ መጠበቅስ አይሻልም ወይ ለሚል ሰው፣ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ መሆኑን፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ለዓመታት ከዚያ በላይ ሆኖ መቆየቱን ማስታወስ ይበቃል። ቤተሰቡ በእርግጥ የሚበላው እህል፣ በከረጢት ውስጥ ሲቀመጥ በባንክ ከተቀመጠው ብር በተሻለ ዋጋውን ይጠብቃል። እዚህ ላይ የምናገረው ስለ ቤት ፍጆታ ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ፤ እህል አከማችቶ በክረምት ለመሸጥ የሚያስብ ሰው የሌላውን ቤት ማጀት እየጎዳ ነውና ምክሬ ለእርሱ አይደለም።

ጤፍ ለማስቀመጥም ከሌላው እህል ሁሉ የተመቸ ነው፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርጥበት እስካላገኘው ድረስም ሳይበላሽ ይቆያል። ከረጢቱን በቀጥታ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከማሳረፍ ይልቅ በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥና ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ይበቃል። የሚፈጨውም በየወሩ እየተበጠረ ቢሆን ይሻላል፤ ዱቄት ሲቆይ ጣዕሙ ይለወጣልና። ስለ ዓይነቱም አንድ ነገር ልጨምር፦ ማኛ ጤፍ እንግዳ ፊት ሲቀርብ ያምራል፣ ሠርገኛውና ቀዩ ግን በዋጋ ይቀንሳሉ፣ ቀዩ ጤፍ በብረት ማዕድን ይዘቱ የሚታወቅ በመሆኑም ለልጆች የሚመረጥ ነው። የዕለት እንጀራችን የግድ ነጭ ይሁን ማለታችን በየወሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍለን ወፍጮ ቤት ቆሞ የሁለቱን ዋጋ ማነጻጸር ያሳያል።

አንድ ኩንታል መግዛት የማይችል ሰው ለብቻው መቅረት የለበትም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች ወይም በአንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚገናኙ ጎረቤቶች አራት ሆነው አንድ ኩንታል ቢገዙ ለእያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ይደርሳቸዋል፤ ዋጋውም የኩንታል ዋጋ እንጂ የችርቻሮ አይሆንም፤ የጭነቱንም ወጪ ይካፈሉታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዘይት በባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የልብስ ሳሙና በካርቶን፣ ደብተር በደርዘን ከመርካቶ የሚገዛውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሚዛን ያለው ጎረቤት አንድ እንኳ ቢገኝ ክፍፍሉ ቅሬታ አያስነሣም።

በርበሬና ሽሮም የራሳቸው ወቅት አላቸው። ከማረቆ፣ ከአላባና ከሌሎች በርበሬ አብቃይ አካባቢዎች የሚመጣው ዛላ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በብዛት ይገኛል፤ አተሩና ሽምብራውም ከጤፉ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ወቅት ገበያ ይገባሉ። በርበሬውን ቀንጥሶ፣ አድርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር አዘጋጅቶ ማስፈጨት ድካም እንዳለው አልክድም። ሆኖም ታሽጎ የሚሸጠው በርበሬ ዋጋ ውስጥ የአዘጋጁ፣ የማሸጊያውና የነጋዴው ትርፍ ስላለበት፣ በየሠፈሩ በማንኪያ እየተለካ የሚሸጠው ደግሞ ባዕድ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል፣ ሴቶችም ወንዶችም ተሰባስበው በአንድ ቅዳሜ ቢጨርሱት ለዓመት የሚበቃ እፎይታ ነው። ለሽሮ የሚሆነው አተርና ሽምብራ ከጤፍ በተለየ ነቀዝ ስለሚያጠቃው፣ በጥሬው ለወራት ከማስቀመጥ ይልቅ ቶሎ ቆልቶና ከክቶ ማስቀመጥ ወይም አየር በማያስገባ ከረጢት ማሰር ያስፈልጋል።

ወደ መብራት ልለፍ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን፣ አሠራሩም ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ከፍ የሚልበት ነው። ብዙ ሰው መብራት ለመቆጠብ ሲያስብ አምፖል ማጥፋት ይቀድመዋል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ያህል የሚስብ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስድ ጋገራ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ባለ 10 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ይህን ያህል ለመፍጀት ከሦስት ወር በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ቁጠባው ያለው ምጣዱ ላይ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚያጠፋው ጊዜና ኃይል ጥቂት እንጀራ ለመጋገርም ብዙ ለመጋገርም ያው ስለሆነ፣ በየሁለት ቀኑ ከመጋገር ይልቅ ለአራት ቀን የሚሆነውን በአንድ ጊዜ መጋገር ይጠቅማል። እንጀራው ሳይበርድ እንዳይደራረብና በመሶቡ ውስጥ ወዝ እንዳይዝ መጠንቀቅ ነው፤ የተረፈውን ደግሞ ፀሐይ ላይ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ የጦም ቀን ቁርስን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያስገኛል። ምጣዱ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ግለትም ለቆሎ ወይም ለሱፍ ማመስ ይበቃል። ከከሰል ጋር የሚሠሩ ቤተሰቦች ደግሞ ላቀች የተባለውን የተሻሻለ ምድጃ ቢጠቀሙ ያንኑ ወጥ ባነሰ ከሰል ያበስላሉ፤ ከሰሉን በማዳበሪያ እንጂ በፌስታል አለመግዛትም ከላይ ስለ እህል ከተናገርኩት የተለየ አይደለም።

ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ተዘፍዝፈው ቢያድሩና በፕሬዠር ቢቀቀሉ የሚወስዱት ጊዜ በብዙ ይቀንሳል። አትክልቱን ከእሑድ ገበያ መግዛት ከሠፈር ጉልት ይረክሳል፤ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው የተሻለ ዋጋ ቢያገኝም የተመረጠውን ዕቃ አያገኝምና ሁለቱን ማመዛዘን የየራሱ ነው። ስኳርና ዘይት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በተሻለ ዋጋ ሲመጣ ተሰልፎ መግዛትም አይናቅ። ሥጋን በተመለከተ፣ ለበዓል ቅርጫ መግባት ከሥጋ ቤት በኪሎ ከመግዛት የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አጥንቱ፣ ሆድቃው፣ ጮማው ሁሉ ለአባላቱ ስለሚከፋፈል የበዓሉ ወጥ ካለፈ በኋላ እንኳ መረቁ ለሳምንት ይተርፋል።

የአብዛኛው ተከራይ ትልቁ ወጪ ግን ምግብም መብራትም አይደለም። የቤት ኪራይ ነው። በዚህ ረገድ የሚያሳዝነኝ፣ ሕግ ያስገኘልንን መብት ሳናውቀው ገንዘባችንን የምናስረክብ መሆናችን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አከራይ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም ቢሆን በፈለገው ወር የሚያደርገው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ሰኔ 30 የሚያሳውቀውን መጠን የተከተለ ሊሆን ይገባዋል። ብዙ ተከራይ ከአከራዩ ጋር መጣላትን ስለሚፈራ ውሉን አያስመዘግብም፤ ያልተመዘገበ ውል ግን ክርክር ሲነሣ የሚያስተማምን አይደለም። ቤቱን ሲይዙ፣ ገና ፊት ለፊት በመልካም መንፈስ ሳሉ ማስመዝገብ ከሁሉ ይሻላል፤ ኪራዩንም በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።

ስለ ትራንስፖርት ብዙ አልልም፤ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ከሚኒባስ ታክሲ እንደሚረክሱ፣ መንገዱን እየቆራረጡ በሁለት በሦስት ታክሲ መሄድም ዋጋውን እንደሚያበዛው ማንም ያውቃል። በማለዳ ወጥቶ ለአውቶቡሱ መሰለፍ የሚችል ሰው ይሰለፍ፣ ሕፃን አዝላ የምትሄድን እናት ግን እንዲህ አድርጊ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ምሳን በምሳ ዕቃ ቋጥሮ መሄድ በአሁኑ የምግብ ቤት ዋጋ በወሩ መጨረሻ ግልጽ ልዩነት የሚያሳይ ነው። የሞባይል ጥቅልም በየቀኑ ከሚገዛ ይልቅ የወር ጥቅል ሲገዛ በሜጋባይት ሲሰላ ይረክሳል፤ ይህም ያው የችርቻሮው ጉዳይ ነው።

ሕክምና ላይ መቆጠብ አደገኛ ቢሆንም፣ ሳይጎዱ ወጪን መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። ሐኪሙ የጻፈውን መድኃኒት ይዞ ወደ ቅርቡ ፋርማሲ ከመግባት በፊት በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉትን የከነማ መድኃኒት ቤቶች ወይም የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤት ማየት ይገባል፤ ያው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ ስም በተሻለ ዋጋ ይኖር እንደሆነም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነውር የለውም። በመደበኛ ቅጥር ያልተሰማሩ ቤተሰቦች ደግሞ በየወረዳቸው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ምዝገባ ሲታወጅ ሳይዘናጉ አባል ቢሆኑ፣ በዓመት አንዴ በሚከፍሉት መዋጮ ቤተሰባቸውን በሙሉ ያሳክማሉ። በታመሙ ጊዜ ለመመዝገብ መሄድ ብዙም እንደማይጠቅም፣ የምዝገባው ወቅት ካለፈም እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ እንደሚመጣ ማሰብ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ወጪ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጡ፣ በእኔ አስተያየት ግን ሊቆረጡ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የልጆች እንቁላልና ወተት ነው፤ በሌላው ሁሉ ቆጥበን የምናተርፈው ገንዘብ ዋና ሥራው ይህን ማስቀጠል ሊሆን ይገባዋል። ሁለተኛው የእድር መዋጮ ነው። ወሩ ሲከብድ መዋጮው ሳይከፈል ወር ከወር ይደራረብና፣ ቅጣቱ ሲበዛ ሰው ከነአካቴው ይወጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና የቀብሩ ወጪ በአንድ ቀን ከአንድ ቤተሰብ ኪስ የሚወጣበትን ዕለት ያሰበ ሰው ግን፣ የእድር ክፍያውን ከኪራዩ ቀጥሎ ይጽፈዋል፤ ውዝፍ ያለበትም እድሩ ጉባኤ በሚጠራበት ቀን ሄዶ ዕዳውን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ቢጠይቅ አብዛኛው እድር ይፈቅዳል።